ሲከሰስ የኛ፣ ሲወለድ የማን?

ወንዝ በሦስት ወገን የከበበው አንድ የደጋ አገር ነበር። ሰፊ አይደለም፤ አንድ ደብር፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ። ከዋርካው ሥር ዳኛ ይቀመጣል። ገበያው ማክሰኞ ማክሰኞ ይቆማል። ደብሩ ውስጥ ደግሞ አንድ የብራና ወንጌል አለ፤ ጸሐፊው ባዶ በተዋቸው ገጾች ላይ የአገሩ ውል ሁሉ የሚሰፍርበት። የማን ማሳ ከማን ማሳ እንደሚዋሰን፣ ማን ለማን ዋስ እንደ ጠራ፣ የጋራው የግጦሽ መስክ በየሰባት ዓመቱ በዕጣ እንደሚከፈል፣ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። የአገር ልጅ የተባለ ዕጣ ይጥላል፤ ዋርካው ሥር በራሱ አንደበት ይሟገታል። ያልተባለ በሰው ደጅ ያድራል፤ የሚናገርለት ሰው ካላገኘም ነገሩ ሳይሰማ ይቀራል።

በዚያ አገር በባርነት የሚኖሩ ብዙዎች ነበሩ። አያቶቻቸው ታስረው መጡ፤ እነሱ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው አደጉ፤ ሌላ አገር አያውቁም። ከእነሱ አንዱን ጌታው ባርነት ወደማይፈቀድበት ወረዳ ወስዶ ዓመታት አኖረው። ሲመለሱ ሰውየው ዋርካው ሥር ቆመና "ነፃ አፈር ላይ ኖሬያለሁ፤ ዳኛ ይየኝ" አለ።

የዘመኑ ዳኛ ሕግ አዋቂ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከባልንጀሮቻቸው ጋር ዘጠኝ ሆነው ተቀመጡ፤ ሰባቱ በአንድ ቃል ፈረዱ። "ነፃ መሆን አለመሆንህን ከማየታችን በፊት፣ እዚህ ቆመህ ለመክሰስ ማን ፈቀደልህ?" አሉት። "ይህን አገር ያቀኑ አባቶች ያንተን ዓይነት ሰው በልባቸው አላሰቡም። እነሱ ያላሰቡትን እኛ ከየት እናመጣለን?" ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ መዝገብ ይዞ ተነሣ። "አባቶቻችን አገሩን ሲያቀኑ የዚህ ሰው ወገኖች፣ ነፃ የነበሩት፣ በአምስት መንደር አብረዋቸው መክረዋል፤ አብረዋቸው ሹም መርጠዋል። ይኸው ተጽፏል" አለ። መዝገቡን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። የአባቶችን ልብ አውቃለሁ ለሚል ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል?

ፍርዱ ጠቡን ያበርዳል ተብሎ ነበር፤ አባሰው። ጥቂት ቆይቶ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አራት ክረምት ሙሉ ወንድም ወንድሙን ገደለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፉት ሽማግሎች ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከእንግዲህ ወዲያ የአገር ልጅነት የአያትን ልብ በመገመት አይበየንም፤ ይጻፍ ተባለ። መሪጌታው ቀለም በጠበጡ፤ ብርዕ ቀረጹ። ቀኑ መሽቶ ስለነበር አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጧፍ ይዛ አጠገባቸው ቆመች። የተጻፈው አጭር ነው፦ እዚህ አገር የተወለደ፣ ለአገሩም ዳኛ የሚታዘዝ፣ ሁሉ የአገር ልጅ ነው። "የባሪያ ልጅ" የሚል የለበትም። "የእገሌ ዘር" የሚልም የለበትም።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ሰው ከኋላ ተነሣ። "ቆዩ እንጂ ጎበዝ! ገበያው ዳር ድንኳን ተክለው የከረሙት አሞሌ ነጋዴዎችስ? ቋንቋቸው ሌላ፣ አምልኳቸው ሌላ። ሚስቶቻቸው እዚህ ሲወልዱ ልጆቻቸው ከልጄ ጋር ዕጣ ሊጥሉ ነው?"

መልስ የሰጠው ራሱ ከወንዝ ማዶ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ሰው ነበር። "አዎ፣ ሊጥሉ ነው። የነሱን ልጆች እያሰብኩ ነው እሺ የምለው፤ ረስቻቸው አይደለም" አለ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ ጽሑፉ ግን አልተነካም። ወጉ ወደ ሌላ አለፈ። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ የሚኖረው የጎረቤት ንጉሥ መልእክተኛ ልጅ ቢወልድ የኛ አይሆንም ተባለ። ወሰናችን ውስጥ ሆነው በራሳቸው ሹም የሚተዳደሩት የቆላ ከብት አርቢዎችም አይገቡበትም ተባለ። መሪጌታው ብርዑን ጠርገው አስቀመጡ፤ ልጅቷም ጧፏን አጠፋች።

ሁለት ትውልድ አለፈ። አንበጣ መጣ፤ አሞሌ ተወደደ፤ ሰው ኑሮ ሲከፋበት እንደሚያደርገው ሁሉ ጣቱን ገበያ ዳር ወዳሉት ድንኳኖች ቀሰረ። ኬላው ለአሞሌ ነጋዴ ተዘጋ። የገቡት ግን ገብተዋል፤ ልጆቻቸውም አድገዋል። የዕጣው ዓመት ደርሶ ስሞች በየጠጠሩ ላይ ሲጻፉ፣ የአንድ ነጋዴ ልጅ፣ እዚያው ገበያው ዳር የተወለደ ጎረምሳ፣ ጠጠሩ ከቅርጫቱ ተለቅሞ ወጣ። ያወጣው አንድ ባላባት ነው። ልጁ ከሰሰ።

ዋርካው ሥር ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ባላባቱ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ተመርኩዞ ወደ ፊት ራመድ አለ። ሙግት ያውቅበታል።

"ተጠየቅ!" አለ።

"እጠየቃለሁ ጌታዬ" አለ ልጁ።

"አባቶቻችን ያንን ቃል የጻፉት ለማን ብለው ነው? ከባርነት ለወጡት ብለው አይደለም? ደማቸውን ያፈሰሱት ለነሱ ነው። ያንተን አባት ጨው ሲመዝን ማን አሰበው? የሙት ቃል ሲነበብ የሙት አሳብ ይነበባል። ካላሰቡህ አልጻፉህም!"

ሰው አጨበጨበ። እውነት ይመስላል እኮ።

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። "ከጻፉት አንድ በሕይወት ያለ አለ?" ብለው ጠየቁ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዲት መነኩሲት መቋሚያቸውን ይዘው ከሴቶቹ ወገን ብቅ አሉ።

"የጻፈ የለም፤ ጧፍ የያዝሁት ግን እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ" አሉ።

"እማሆይ፣ የነጋዴዎቹ ነገር ያን ዕለት ተነሥቶ ነበር?"

"ተነሥቶ ነበር እንጂ። አንዱ ጠየቀ፤ አንዱ መለሰ። ሰም እጄ ላይ እየፈሰሰ ስለነበር ቶሎ በጨረሱ እያልሁ ነበር፤ እነሱ ግን ያወራሉ። ይግቡ አለ መላሹ። ቃሉን ይፋቅ ያለ አልነበረም።"

ባላባቱ ፈገግ አለ። "የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሰማችውን! ያን ዕለት ሌላ ሽማግሌም ተናግሯል፤ አባቴ ነግሮኛል። 'ለዳኛ የሚታዘዝ' ማለት ልቡ ለሌላ ጌታ ያልገበረ ማለት ነው ብሏል። የዚህ ልጅ አባት በየዓመቱ ወንዝ ማዶ ላለው ጌታው እጅ መንሻ ይልካል። ታዲያ የኛን ዳኛ ነው የሚታዘዝ የዚያን?"

ዳኛው መልስ አልሰጡም። ወደ ጸሐፊያቸው ዘንበል ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉ። ጸሐፊው የፍርድ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አንድ ገጽ ላይ ቆመና ማንበብ ጀመረ። ከስድስት ዓመት በፊት የነጋዴው ፍየሎች የባላባቱን የገብስ ማሳ በልተው ነበር። ባላባቱ ነጋዴውን እዚሁ ዋርካ ሥር አስቀርቦ ከሷል። ነጋዴው ዋስ ጠርቷል፤ ተፈርዶበታል፤ ሦስት ቁና ገብስ ካሳ ከፍሏል። ዋስ ባያገኝ ኖሮ በእግር ብረት ያድር ነበር።

"ያን ዕለት" አሉ ዳኛው፣ "ይህ ሰው የእኛን ዳኛ የሚታዘዝ አይደለምና አልከሰውም ብለው ነበር?"

ባላባቱ ዝም አለ። ከኋላ ጠላ ሻጯ አላስችል ብሏት "ሲከሰስ የኛ፣ ሲወለድ የማን?" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቅድም ያጨበጨቡትም።

ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "የመልእክተኛው ፈረስ የደብሩን ሽንኩርት የረገጠ ጊዜ ምን አደረግን? ልጓሙን አልያዝንም። ለጌታው ደብዳቤ ጻፍንለት፤ ከፈለገ ይካስ፣ ካልፈለገ ይቅር ብለን። የማይታዘዝ እንደዚያ ነው። የልጁ አባት በዓመት አንዴ ለማን ማር እንደሚልክ ግን ከዳኝነታችን አላወጣውም፤ እኛም አውጥተነው አናውቅም።"

"የቆላ አርቢዎቹስ?" አለ ባላባቱ፣ አሁንም እጅ ሳይሰጥ። "እነሱም እዚሁ ይወለዳሉ። የአገር ልጅ አላልናቸውም። እንግዲህ አፈሩ ብቻ አይበቃም!"

"አፈሩ ብቻ አይበቃም፤ እውነት ነው። እነሱን የሚዳኛቸው ሹማቸው ነው፤ እኛ ከሹማቸው ጋር ውል እንጽፋለን። ከዚህ ልጅ አባት ጋር በየትኛው ሹም በኩል ተዋዋልን?"

ዳኛው ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን የታዘቡ ነበሩ። ከዓመታት በፊት አንድ የቆላ ሰው ሹሙን ትቶ፣ ከወገኑ ተለይቶ፣ ደጋ ወጥቶ ጎጆ ቀልሶ ኖሮ "እኔስ የማን ነኝ?" ብሎ እዚሁ ዋርካ ሥር ጠይቋል። ያሰናበተው ይኸው ችሎት ነው። ያ ሰው የአገር ልጅ ሳይባል ቀረ፤ ወገኖቹም ገና ብዙ ዓመት ጠበቁ።

ባላባቱ የመጨረሻውን ወረወረ። "ይሁን፤ ይህ በኬላ ገባ። ነገ ደግሞ በሌሊት ሾልኮ የገባው ሚስቱ ትወልዳለች። ጻፉ የምትሏቸው ሰዎች በሌሊት መግባት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ያኔ ኬላው ክፍት ነበር። ያላወቁትን እንዴት ይፈቅዳሉ?"

ያኔ ከነፃ ወጪዎቹ ወገን አንድ ሸበቶ ሰው ተነሣ። ለመናገር ፈቃድ አልጠየቀም። "ያውቁ ነበር" አለ። "ባሪያ ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እናቴን በሌሊት አስገቧት፤ ቆዳ አልብሰው፣ ከጭነት ሥር አስተኝተው። ኬላው አላያትም፤ ስሟ መዝገብ ላይ የለም። እኔን እዚህ ወለደችኝ። ያ ጽሑፍ ሲጻፍ የእናትህ አገባብ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ሊጠየቅ ነው?"

ባላባቱ ዘንጉን እያየ ቆየ። ቀጥሎ የተናገረው ለራሱ ይመስል ነበር፦ "እንግዲያው ጽሑፉ ይለወጥ።"

"እሱ ይቻላል" አሉ ዳኛው። "አገሩን ሁሉ ሰብስቡ፤ ደጀ ሰላም ግቡ፤ ቀለም ይበጥበጥ። እኔን ግን ብራና ፋቅ አትበሉኝ። ዳኛ እንዲያነብ ነው የተቀመጠው።"

ሁለት ዳኞች ተለዩ፤ አብላጫው ለልጁ ፈረደ። ጠጠሩ ወደ ቅርጫቱ ተመለሰ። ሲወጣለት የደረሰው ድንጋያማ ጥግ ነበር፤ ዕጣ ነውና አላማረረም። ያማረረው በሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላም ወንዝ ተሻግሮ በተመለሰ ቁጥር ኬላ ጠባቂው "ወረቀትህን" ይለዋል፤ የባላባቱን ልጅ ግን በስሙ ጠርቶ ያሳልፈዋል።

አገሩ አሜሪካ መሆኑን አንባቢ ሳያውቀው አልቀረም። ከዋርካው ሥር የተባረረው ድሬድ ስኮት ነው፤ ዳኛው ሮጀር ቴኒ፣ ዓመቱ 1857 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቡን ይዞ የተነሣው ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ ይባላል፤ ነፃ ጥቁሮች ከነኒው ሃምፕሸርና ኖርዝ ካሮላይና ጀምሮ በአምስት ግዛቶች ድምፅ ይሰጡ እንደነበር አስረድቶ ሰሚ አላገኘም። ዛሬ "የመሥራቾቹ አሳብ ምን ነበር?" የሚሉ ተሟጋቾች ይህን ፍርድ ብዙም ሊያነሡት አይወዱም። የዜግነትን ጥያቄ በመሥራቾች ልብ የለካው ትልቁ ፍርድ ግን እሱ ነው፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር የተጻፈውም እሱን ለመሻር ነው። በአሜሪካ የተወለደና ለሥልጣኗ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ያንን ዐረፍተ ነገር መልሶ በጸሐፊዎቹ የልብ ምርመራ ማጥበብ፣ የተሻረውን ፍርድ መንገድ በሌላ ጫማ መሄድ ይመስለኛል።

ደግሞም አሳባቸው ይፈለግ ከተባለ ተመዝግቧል። በሜይ 30 ቀን 1866 የሚሺጋኑ ሴናተር ጄኮብ ሃዋርድ አንቀጹን ሲያቀርብ፣ የፔንሲልቬንያው ኤድጋር ካወን ተነሥቶ በካሊፎርኒያ ያሉ የቻይናውያን ልጆችና በራሱ ግዛት የሚዘዋወሩ የጂፕሲ ልጆች ዜጋ ሊሆኑ ነው ወይ ብሎ በቁጣ ጠየቀ። የመለሰለት የካሊፎርኒያው ጆን ኮነስ ነው፤ አየርላንድ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ሰው። አዎ፣ ይሁኑ አለ። የጧፏ ልጅ የኔ ፈጠራ ናት፤ ጥያቄውና መልሱ ግን በሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ያለ ነው።

የባላባቱ ክርክር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሴኔቱ የሕግ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ላይማን ትራምቡል ያን ሰሞን አንቀጹ ለሌላ ታማኝነት የሌለበትን ሰው እንደሚመለከት ተናግሯል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1873 በሌላ ጉዳይ ላይ የውጭ ዜጎችን ልጆች የሚያስወጣ የሚመስል ነገር በጎን ጽፏል። በ1884 ጆን ኤልክ የተባለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ጎሣውን ትቶ ኦማሃ ከተማ ቢኖርም ዜጋ አይደለህም ተብሏል፤ ወገኖቹ በሙሉ ዜጋ የተባሉት በ1924 በወጣ ሕግ ነው። እነዚህ በሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። በሌላው ወገን ግን ዎንግ ኪም አርክ አለ። በ1873 ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ምግብ አብሳይ ነው፤ በ1895 ከቻይና ሲመለስ አትገባም ተብሎ ለወራት በመርከብ ላይ ተያዘ። በ1898 ስድስት ለሁለት ተፈረደለት። የፍርዱ ጸሐፊ ሆራስ ግሬይ ወደ እንግሊዝ የቆየ ሕግ፣ እስከ 1608ቱ የካልቪን ጉዳይ ድረስ ወርዶ፣ የአምባሳደርና የወራሪ ጦር ልጅ ካልሆነ በቀር በአገሩ ምድር የተወለደ የአገሩ ነው አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኤል ፓሶ ላይ ይኸው ሰው እንደገና ተይዟል። "ወረቀትህን" የሚለው ኬላ ጠባቂ የመጣው ከዚህ ነው።

እውነተኛው የክርክር ቦታ አንድ ነው፦ የዎንግ ወላጆች በቋሚነት የሚኖሩ ነበሩ፤ ፍርዱም ይህን ደጋግሞ ያነሣል። ታዲያ ለትምህርት የመጣችው እናትስ? ያለ ፈቃድ የገባችውስ? እኔ ዳኛው ስለ ፍየሎቹ የጠየቁበትን መንገድ እመርጣለሁ። ተማሪዋ በዋሽንግተን አውራ ጎዳና በፍጥነት ብትነዳ ትቀጣለች፤ ያለ ፈቃድ የገባው ሰው ቢሰርቅ ወኅኒ ይወርዳል፤ አምባሳደሩ ግን አይነካም። በ1866 ሕገ ወጥ ገቢ አልነበረም የሚለውም አይጸናም። የባሪያ ንግድ ከ1808 ጀምሮ ተከልክሎ ሳለ ክሎቲልዳ የተባለችው መርከብ በ1860 ከመቶ በላይ አፍሪካውያንን በድብቅ አላባማ አውርዳለች። ማሻሻያው ሲጸድቅ የእነዚህ ሰዎች ልጆች የእናታቸውን አገባብ አልተጠየቁም። የአንቀጹን የመጀመሪያ ፍቺ እንከተላለን የሚሉት ኦሪጂናሊስቶችም፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ዋናቸው ነበር፣ መርማሪ የሚፈልገው የጸሐፊውን የልብ ምሥጢር ሳይሆን ቃሉ በዘመኑ ለሰው የነበረውን ትርጉም ነው ይላሉ። በገዛ ሚዛናቸው ቢመዝኑት ባላባቱ አያሸንፍም።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፈረሙት ትእዛዝ፣ እናቱ በተማሪ፣ በሥራ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለች ወይም ፈቃድ የሌላት፣ አባቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ያልሆነ ሕፃን ዜጋ አይደለም ይላል። ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ሰኔ የእገዳውን ስፋት አጥብቦ ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ አለፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ዋናውን ጉዳይ ለማየት ተቀበለ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ ቤቶቻችን በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ላይ ያሉ ጥንዶች አሉ፤ ትእዛዙ ያነጣጠረው በልጆቻቸው ላይ ነው። በአገር ቤት ሕጉ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ዜግነትን የሚሰጠው በወላጅ ነው፤ ከሁለት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። በዜግነት አዋጁ መሠረት ደግሞ ውጭ ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ እንደ ተወው ይቆጠራል። ስለዚህ አፈር ዜጋ ያደርጋል የሚለው ሕግ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ አሜሪካ የወለደ ወላጅ ግን ለምን እንደ ተጻፈ ማወቅ አለበት። ልጁን የጠቀመው በጦርነት ማግሥት ለባሮች ልጆች የተከፈለ ዋጋ ነው።

አፈር ብቻ ይበቃል የሚለውን ሕግ መተው ይቻላል። ብሪታኒያ በ1983 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ትታዋለች። ኮነስ የተወለደባት አየርላንድ በሕገ መንግሥቷ የሰፈረውን የትውልድ ዜግነት በ2004 ስታጠብ ሕዝቧን ጠይቃ፣ 79 በመቶው እሺ ብሎ ነው። በአሜሪካ መንገዱ ከዚያ ይጠባል፤ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከ50 ግዛቶች 38 መስማማት አለባቸው። ከ1868 ወዲህ የዜግነቱን አንቀጽ ለመለወጥ የታሰበ ማሻሻያ አንድም ጊዜ ያን ደጃፍ አልተሻገረም።